ዓርማ የታተመበት ስጦታ ቤታችሁ ሲገባ

አዲስ ዓመት ሲቃረብ ልጄ ከመሥሪያ ቤቱ ባዶ እጁን አይመጣም። እንደ አብዛኛው ቤት የእኛም ግድግዳ ላይ የባንክ ካላንደር ተሰቅሏል፤ ከበሩ ኋላ የኢንሹራንስ ጃንጥላ ቆሟል፤ መሳቢያው ውስጥ ማን እንደሰጠን የረሳነው እስክሪብቶ ተከምሯል። ካላንደሩንና አጀንዳውን ለምደነዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን እኛ ቤት የሚገባው ስጦታ ወደ መሣሪያ እያደላ መጥቷል። ሜትር፣ የካቻቢቴ ስብስብ፣ ታጣፊ ቢላዋ፣ ባለ መብራት ቁልፍ መያዣ፣ ፔርሙዝ። በሁሉም ላይ የድርጅቱ ስም፣ ዓርማና ስልክ ቁጥር ታትሞበታል። ለደንበኛም ለሠራተኛም ይታደላል።

እኔ ይህን ዓይነቱን ስጦታ አልጠላም። አስቀድሜ ይህን የምናገረው ቀጥሎ የምጽፈው ወቀሳ ስለሚበዛበት ነው።

ቤታችን ውስጥ አንድ ባለ ሦስት ሜትር መለኪያ አለ። ባለቤቴ ጣሪያ ስናድስ ቆርቆሮና ሚስማር የገዛበት መደብር ባለቤት፣ ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ “ይቺን ደግሞ ለእርስዎ” ብሎ የሰጠው ነው። ቢጫ ነበረ፤ አሁን ቀለሙ ለቋል። የመደብሩ ስም ግን ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ስለተሠራ ዛሬም ይነበባል። መደብሩ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ስልኩም አይሠራም። እኛ ቤት ግን መጋረጃ ሲሰፋ፣ ምንጣፍ ሲገዛ፣ የልጆቹ ቁመት በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ሲሰመር፣ የዚያ ነጋዴ ስም ከመሳቢያ ይወጣል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ለነጋዴም ይሠራል ማለት ነው።

ስለ ሜትር ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ጫፉ ላይ ያለችው የብረት መንጠቆ ወዲህና ወዲያ ስትንቀሳቀስ አይተው “ተበላሽቷል” ብለው የሚጥሉት አሉ። አልተበላሸም። መንጠቆዋ በራሷ ውፍረት ልክ ብቻ እንድትንቀሳቀስ ሆና የተሠራችው ሆን ተብሎ ነው። ጠርዝ ላይ አንጠልጥላችሁ ስትስቡ ትወጣለች፤ ግድግዳ ላይ ስትገፏት ትገባለች፤ በሁለቱም በኩል ልኩ ትክክል ይሆናል። የእኛ ቤት ሰው ሌላ ሜትር ላይ ይህችን መንጠቆ በመዶሻ ቀጥቅጦ “ጠግኗት” ያውቃል። ከዚያ በኋላ በዚያ ሜትር መጋረጃ አልለካንም።

ዕቃ ላይ ስም አትሞ ማደል የዛሬ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካኖች የዚህን ንግድ መነሻ ሲተርኩ ኦሃዮ ውስጥ ኮሾክተን ከምትባል ትንሽ ከተማ ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ጃስፐር ሚክ የተባለ የጋዜጣ አሳታሚ ማተሚያው ሥራ ፈትቶ እንዳይውል ብሎ የአንድ ጫማ ነጋዴን ማስታወቂያ በተማሪዎች የመጽሐፍ ቦርሳ ላይ አተመ። ልጆቹ ቦርሳውን ይዘው በሄዱ ቁጥር ማስታወቂያው አብሯቸው ከተማውን ዞረ። ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው። በሬዲዮ የተነገረው ማስታወቂያ ዜናው ሲጀምር ይረሳል፤ ካቻቢቴ ላይ ያለው ስም ግን ካቻቢቴው እስካለ ድረስ አለ። ልብ በሉ፣ ያኔም ማስታወቂያውን የተሸከሙት ልጆች ነበሩ።

አንገቴ ላይ የነበረው ሜትር

ዕቃ ላይ የታተመ ስም ምን ያህል ኃይል እንዳለው የተረዳሁት በነርስነት ሳገለግል ነው። ያን ጊዜ የመድኃኒትና የዱቄት ወተት ወኪሎች ወደምንሠራበት ሲመጡ አንድ ነገር ይዘው ነበር የሚመጡት። እስክሪብቶ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የዓይን ብሌን የምናይበት ትንሽ መብራት። በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ሳለሁ የሕፃናቱን የራስ ዙሪያ የምለካበት ሜትር ላይ የአንድ ዱቄት ወተት ስም ታትሞ ነበር። ለእኔ ሜትር ብቻ ነበር። የክፍሉ አልቆ ስለነበር ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ፤ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው እውላለሁ።

አንድ ቀን አንዲት እናት፣ ጡቷ ሞልቶ ልብሷን እያራሰው፣ “ሲስተር፣ ያንን የእናንተን ወተት ከየት ነው የምገዛው?” አለችኝ። “የእናንተን” ነው ያለችው። እኔ ስለዚያ ወተት አንድም ቃል ተናግሬ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ የምናስተምረው ስለ ጡት ማጥባት ነበር። ሜትሩ ግን አንገቴ ላይ ሆኖ ሌላ ነገር ሲናገር ውሏል፤ እሷም ያመነችው እኔን ነው። በማግሥቱ ስሙን በፕላስተር ሸፈንኩት። ስንት እናት ከእሷ በፊት ሳትጠይቀኝ ሄዳ እንደገዛች አስቤው አላውቅም ብል ውሸት ይሆናል።

ይህ የእኔ ክፍል ችግር ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች የግብይት ደንብ፣ አምራቾችና አከፋፋዮች ለነፍሰ ጡሮችና ለትናንሽ ልጆች እናቶች ተተኪ ወተትን ወይም ጡጦን የሚያበረታታ ዕቃ በስጦታ እንዳይሰጡ ይላል። ለጤና ሠራተኞችም ምርቱን እንዲያስተዋውቁ በገንዘብም ሆነ በዓይነት መደለያ እንዳይቀርብላቸው ያዛል። የአሜሪካ መድኃኒት አምራቾች ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አባላቱ ለሐኪሞች እስክሪብቶና ኩባያ እንዳያድሉ በራሱ የሥነ ምግባር ደንብ ከልክሏል። ለእስክሪብቶ ይህን ያህል? የሚል አይጠፋም። ሐኪም በአንድ እስክሪብቶ አይገዛም፤ እኔም በአንድ ሜትር አልተገዛሁም። ነገር ግን ስሙ ከያዘው ሰው እጅ እምነት ይዋሳል። ነጋዴ ደግሞ ገንዘቡን ለዓመታት በከንቱ አይበትንም።

ቤት ውስጥ እምነቱን የሚያውሰው የቤተሰቡ ሰው ነው። ዕቃውን ልጃችን፣ ምራታችን፣ ባላችን ይዞት ስለመጣ ማንም አይመረምረውም። ገዝተነው ቢሆን እናገላብጠው ነበር።

የጎደለችው ባትሪ

የዛሬ ዓመት ግድም ልጄ ይዟት የመጣችው ባለ መብራት ቁልፍ መያዣ ነበረች። በአንድ በኩል አንድ ሜትር የምትሳብ መለኪያ፣ በሌላ በኩል ስትጫኗት የምትበራ መብራት፣ መሀል ላይ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ። ልጄ የቤቱን ቁልፍ አስገባባት። የሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ የልጅ ልጄ ግን ከዚያች ቀን በኋላ ሌላ መጫወቻ አላየም። ያበራል፣ ያጠፋል፣ ያበራል። እኔም ዝም አልኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ልጅ ሳክም ኖሬ ዝም አልኩ፤ ስሙ ከሚታወቅ መሥሪያ ቤት የመጣ ነው ብዬ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ምሳ ላይ፣ ቁልፍ መያዣዋ ከሶፋው ሥር ለሁለት ተከፍላ ተገኘች። ሽፋኗ በብሎን አልታሰረም፤ ተጫኖ ብቻ የተገጠመ ነበር። ውስጧ የሚገቡት ሳንቲም የሚያህሉ ሁለት ክብ ባትሪዎች ናቸው። አንዷ ምንጣፉ ላይ አለች። ሌላዋ የለችም። ልጁ ምራቁን ያዝረበርባል፤ ምሳም አልፈልግም ብሏል።

ምራቁ የመንጋጋ ጥርስ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ምሳውንም ያልፈለገው ጠዋት በበላው ብስኩት ይሆናል። ምራቴ ምንጣፉን እየገለበጠች፣ “እማዬ፣ ውጧት ቢሆንስ በሰገራ ትወጣ የለ?” አለችኝ። ሳንቲም ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ ይህች ግን ሳንቲም አይደለችም። እሷን ማር አምጪ፣ ልጄን መኪናውን አስነሣ አልኳቸው። የተገኘችውን ባትሪ በወረቀት ጠቅልዬ ያዝኩ። መንገድ ላይ በየአሥር ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር አልሰው ነበር። ልጁ ማሩን ወደደው፤ እኛ ሦስታችን አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ሆስፒታል ራጅ አነሡት። ከአንገቱ እስከ ሆዱ ምንም የለም። ባትሪዋ ከሁለት ቀን በኋላ ከአባቱ ጫማ ውስጥ ወጣች፤ እግሩን ስትቆረቁረው ነው ያገኛት።

“እንግዲያው በከንቱ ነው የሮጥነው” አለ ልጄ ባትሪዋን እያሳየኝ። በቃል ልመልስለት አልፈለግሁም። ፍሪጅ ውስጥ ለቁርጥ ከመጣው የተረፈ ጥሬ ሥጋ ነበረ። ቁራጭ አነሣሁ፣ በውኃ አራስኩት፣ ከጫማው የወጣችውን ባትሪ ላዩ ላይ አስቀመጥኩና ምራቴን ቡና አፍይ አልኳት። አቦሉን ስንጠጣ ከባትሪዋ ጠርዝ አረፋ ይወጣ ነበር። በረካው ሲቀዳ ባትሪዋን አነሣኋት፤ ሥጋው ከሥሯ ጠቁሮ ተቃጥሏል። ልጄ ቡናውን አልጨረሰም። (ሥጋውን ጥላችሁ እጃችሁን ታጠቡ፤ ልጆች ባሉበትም አትሞክሩት።)

ብዙ ሰው ጉዳቱ ባትሪዋ ፈስሳ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። እርጥብ ሥጋ የባትሪዋን ሁለት ፊት ሲያገናኝ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ በኔጋቲቩ ፊት በኩል እንደ ኮስቲክ ሶዳ የሚበላ ነገር ይፈጠራል። ልጅ ውጧት በምግብ ቧንቧው ውስጥ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ቃጠሎው ወደ አየር ቧንቧና ወደ ትልልቅ የደም ሥሮች ሊዘልቅ ይችላል፤ ባትሪዋ ከወጣች በኋላም እንኳ ለቀናት ሊሠራ ይችላል። መብራት ማብራት አቅቷት “ሞተች” ብለን የጣልናትም ለዚህ የሚበቃ ኃይል ይተርፋታል።

ሁሉም ክብ ባትሪዎች እኩል አደገኛ አይደሉም። በጣም የምትፈራው 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ባለ 3 ቮልቷ የሊቲየም ባትሪ ናት፤ በስፋቷ የትንንሽ ልጆች ቧንቧ ውስጥ ትቀረቀራለች። ጀርባዋ ላይ 2032፣ 2025 ወይም 2016 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ስፋቷን በሚሊ ሜትር ይናገራሉ፤ የኋለኞቹ ውፍረቷን፤ 32 ማለት 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። መነጽራችሁን አድርጋችሁ አንብቡት።

ልጅ ባትሪ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ወደ ሆስፒታል ነው፤ እስኪያለቅስ ወይም እስኪያመው አትጠብቁ። የሚታየው ምልክት ሳል፣ የምራቅ መዝረብረብ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ ማስመለስ ሊሆን ስለሚችል ጉንፋን ወይም ቶንሲል ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ጭራሽ ምልክት ላይታይም ይችላል። ስለዚህ በር ላይ ስትደርሱ “ባትሪ” የሚለውን ቃል አስቀድሙ። “አንድ ነገር ዋጠ” አትበሉ። ራጅ ላይ ሳንቲም ትመስላለች፤ ጠርዟ ላይ ግን ድርብ ክብ ይታያል፤ የሚያነበው ሐኪም ያንን እንዲፈልግ ቃላችሁ ይረዳዋል። መንትያዋ ወይም ማሸጊያዋ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። እንዲያስመልሰው ጣት አትክተቱበት። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈው፣ መንገድ ላይ በየአሥር ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ (10 ሚሊ ሊትር) ማር እስከ ስድስት ጊዜ መስጠት ይመከራል። ማሩ ባትሪዋን ሸፍኖ ቃጠሎውን ያዘገያል እንጂ አያድንም፤ ማር ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት አትዙሩ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም። ከዚህ ውጭ ውኃም ምግብም ይቅር።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የክብ ባትሪ ማስገቢያዎች ልጅ በቀላሉ የማይከፍታቸው እንዲሆኑ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች። መነሻው የአንዲት ሕፃን ሞት ነው፤ ሕጉም በስሟ ይጠራል።

አሳታሚውና ሰጪው

አሁን ወደ ሰጪዎቹ ልመለስ፤ ብዙዎቻችን በሥራ ቦታችን ወይም በሱቃችን ሰጪዎችም ነንና። የስጦታ ግዢ ላይ ያለ ሰው ለማተሚያ ቤቱ ሲያዝዝ የሚጠይቀው ስለ ዓርማው ቀለም፣ ስለ ብዛቱና ስለሚደርስበት ቀን ነው። ዕቃው ራሱስ? ናሙናውን ተቀብላችሁ ከጠረጴዛ ከፍታ ሲሚንቶ ላይ አሥር ጊዜ ጣሉት። ከተከፈተ አትዘዙት። መብራት ከሆነ ባትሪው በብሎን የታሰረ መሆኑን እዩ፤ የተሻለው ደግሞ ቀጫጭኑን የሪሞት ባትሪ የሚጠቀመው ነው። ካቻቢቴውን የጠበቀ ብሎን ላይ ሞክሩት፤ ጫፉ ከተጣመመ የተጣመመው ስማችሁ ነው። ዓርማውንም በጥፍራችሁ ፋቁት። በሌዘር የተቀረጸ ይቆያል፤ ቀለም ብቻ የተቀባ እጅ ላይ ይለቃል፣ የሚጠባው ልጅ ካለ ደግሞ አፍ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ የማልወደው ባለ ዓርማ ቴስተር ነው። መብራት መኖሩን ለማየት ሶኬት ውስጥ የሚገባው፣ ጣት ጫፉ ላይ የሚያርፈው ካቻቢቴ ማለቴ ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ሬዚስተር ናት ኤሌክትሪኩን አዳክማ ሰውነታችሁን የምትጠብቀው። እሷ ከተበላሸች ወይም ከመጀመሪያው ካልኖረች 220 ቮልት በጣታችሁ ይገባል፤ ከውጭ አይታችሁም አታውቁትም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ራሱ መርጦ ይግዛ። እንደ ስኳር ማንኪያ የሚታደል ዕቃ አይደለም።

የሠራተኞቹ ጉዳይ ሌላ ነው። ሚያዝያ 23 ወይም የዓመቱ መዝጊያ ላይ ዓርማ የታተመበት የራስ ቁር፣ ጓንት፣ የደኅንነት ጫማ “በስጦታ” ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ጭብጨባም ነበረበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራው የሚጠይቀውን የአደጋ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። የሚገባውን ዕቃ ተሸልሞ የሚያመሰግን ሠራተኛ፣ ጓንቱ ሲቀደድ ሌላ ለመጠየቅ ያፍራል። የጓንት መቀደድ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ እጅ የሰፋ ሰው ያውቃል። ሠራተኛን ማስደሰት የሚፈልግ ድርጅት ለቤቱ የሚሆን ነገር ይስጥ። ሙቀት የሚይዝ ፔርሙዝ፣ የማይዋሽ ሜትር፣ ለእናቱ ማንበቢያ ማጉያ መስታወት። እኛ አረጋውያን የቀናት ስም የተጻፈበት የመድኃኒት መያዣ ሣጥን ቢሰጠን ስማችሁን በቀን ሁለት ጊዜ እናነብላችኋለን። ብቻ እሱንም ልጅ የማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ የእኛ ፋንታ ነው።

ልጄ ቁልፍ መያዣዋንና ሁለቱን ባትሪዎች በፖስታ አሽጎ ለጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ሰጠ። ሰውየው ደነገጠ፤ እሱም ትንንሽ ልጆች አሉት። በሳምንቱ ለሠራተኞች እንዲመልሱ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጥቂቶች መለሱ። ለደንበኞች የታደለው ግን ለማን ለማን እንደተሰጠ የተመዘገበ ነገር የለም፤ ስጦታ ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ቢፈልግ እንኳ የሚጠራቸው ሰዎች አያውቅም። ዕቃዎቹ ዛሬም በሰው ኪስ፣ በሰው መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

መሳቢያችሁን ክፈቱና የእናንተንም እዩ። ሽፋኑ በጥፍር የሚከፈት ከሆነ ባትሪውን አውጡት፤ ሁለቱን ፊት በፕላስተር ጠቅልላችሁ ልጅ ከማይደርስበት አርቁት። የእኛ ቤቱ ቁልፍ አሁን በክር ነው የታሰረው። ልጁ ለጥቂት ቀናት “መብራቴስ?” እያለ ሲያስቸግረን ሰነበተና የድሮውን ቢጫ ሜትር አገኘ። እየሳበ ይለቀዋል፤ እኔም ጠርዙ ጣቱን እንዳይቆርጠው አጠገቡ እቀመጣለሁ።